በመዝገብ ላይ የተከተበችው

የጤና መስታወቱ እማማ አንጓችን ከሰው ቆጥሯቸው አያውቅም። በየማለዳው የቤቱ ሰው ተራ በተራ ፊቱ ይቆማል፤ ዐይኑን ይገልጣል፣ ምላሱን ያወጣል፣ እፍ ይላል። መስታወቱም «ደህና አደርሽ ሔርሜላ፤ ደምሽ ትንሽ ቀንሷል፣ ምሳሽን ምስር አድርጊው» ይላል። «ደህና አደርክ ኢዮስያስ፤ ትናንት ጨው አብዝተሃል» ይላል። እማማ አንጓች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ሲቆሙ ግን ጭጭ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሯቸዋል፤ እሱም «እባክዎ ዕቃውን ከፊቴ ያንሱ» ብሎ ነው።

«ዕቃው እኔ መሆኔ ነው!» አሉ ያን ቀን። «ዘጠና ዓመት በእግሬ ሄጄ ዛሬ ዕቃ ሆንኩልህ? አንተ ራስህ ግድግዳ ላይ የተሰቀልክ ዕቃ!»

የልጅ ልጃቸው ሔርሜላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አያቴ፣ ተይው እስቲ፤ አይሰማሽም።»

«ድሮስ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል።»

በእርግጥ ጥፋቱ የመስታወቱ አልነበረም። በሸንኮሬ ከተማ ሰው እንደተወለደ መዝገብ ይገባል፤ መስታወቱም፣ በሩም፣ ሱቁም ሰውን የሚያውቁት በመዝገቡ ነው። እማማ አንጓች መዝገቡ ሳይጀመር የተወለዱ ናቸው። እንደሳቸው ያሉ ሰዎች በከተማው አርባ አንድ ቀርተዋል፤ «ቅድመ መዝገብ» ይባላሉ። ዘይትና ስኳራቸው አይቋረጥባቸውም፣ ሲሞቱም በወጉ ይቀበራሉ። ብቻ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ሳይጠየቁ የተናገሩት ነገር ደግሞ «ያልተረጋገጠ» ይባልና ያልፋል።

በ2080 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ እንደ ወትሮው በአንድ ሰዓት የመንገዱ ድምፅ ማጉያ የከተማውን ቁጥር አነበበ። «ፖሊዮ፣ ዜሮ። ኩፍኝ፣ ዜሮ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ዜሮ።» በየዜሮው ላይ መንገድ የሚጠርገው ማሽን ቆም ይላል፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ተማሪዎች ገመድ የሚዘሉት በዚሁ ዜማ ነው።

ሔርሜላ ወሯ ገብቶ ነበር። መስታወቱ ፊት ስትቆም «ምጥሽ ዛሬ ይጀምራል። የሕፃኑን ዝርዝር ላንብብ?» አላት።

«አንብብ።»

«የእትብት ማሰሪያ። የዐይን ቅባት። ቫይታሚን ኬ። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት። አበቃ።»

እማማ አንጓች ወደ አፋቸው ያስጠጉትን የአጃ ሾርባ መለሱት። «ምኑ ነው ያበቃው? የጉበቱ መርፌስ የታለ? የመጀመሪያው ቀን መርፌ?»

የሔርሜላ ባል ኢዮስያስ የውኃ መሥመር ሠራተኛ ነው፤ ጫማውን እያሰረ ቀና አለ። «እሱ እኮ ቀርቷል እማማ። ካቻምና ከተማው ከሄፓታይተስ ነጻ ሲባል ነው የቀረው። እናትየው የተከተበች ከሆነች ሕፃኑን ዕለቱን አይወጉትም፤ በስድስት ሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር ይወስዳል።»

«እናትየው የተከተበች ከሆነች።»

«ሔርሜላ ደግሞ ተከትባለች። በተወለደች በስድስተኛው ሰዓት። ስንጋባ መዝገቧን አሳይተውኛል፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

 እማማ አንጓች ሾርባቸውን ሳይጠጡ ተነሥተው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት።

ሔርሜላ የተወለደችው በ2050 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ቀጭን ውኃ በሚባል፣ በሸንኮሬ መዝገብ ሥር ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። እናቷ እመቤት፣ የእማማ አንጓች አንድ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ቤት ወለደች። ልሂድ ብትልም እማማ አይለቋትም ነበር። ሰባ ስምንት ሕፃን በእጃቸው የተቀበሉ አዋላጅ ነበሩ፤ መንግሥት «ከእንግዲህ ቤት ለቤት ማዋለድ የለም» ሲላቸው የያዙት ቂም ገና አልበረደም።

ሕፃኗን አጥበው፣ ለጋ ቅቤ በጣታቸው ከንፈሯ ላይ አድርገውላት፣ የሰው ዐይን እንዳያገኛት ጓዳ አስገብተው እንዳስተኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደረሰች። ዘርትሁን ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የክትባት ሳጥኑን በትከሻዋ አንግታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ አጥሩ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ አንጓች፣ ሕፃኗን ያምጡልኝ። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መወጋት አለባት።»

«ገና ቅቤዋን ሳታጣጥም? ክርስትና ሳትነሣ ብረት አይነካትም!»

«መርፌው ለጉበት ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ አለ…»

«ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው መልክ ነው። ልጄን በሽተኛ ልታደርጊያት ነው የመጣሽው?»

ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ዘርትሁን ለመነች፣ አስፈራራች፣ አለቀሰችም። በመጨረሻ ሳጥኑን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቀበሌዋ በክትባት ከመቶ መቶ ካላመጣ የሽልማቱ አረንጓዴ ባንዲራ አይሰጣትም፤ ባንዲራው ካልተሰጣት ደግሞ ከዚያ ጭቃ የሚያወጣት ዝውውር የለም። ያን ወር አንድ ሕፃን ብቻ ነበር የቀራት።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«እንደ ተወጋች ጻፊና ሂጂ! መጻፍ ማንን ገደለ?»

ዘርትሁን ጻፈች። ጊዜው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ያልተወጋ መድኃኒት ተርፎ እንዳይገኝባት ብልቃጡን ከፍታ የጎመኑ መደብ ላይ ደፋችው።

እማማ አንጓች ጓዳ ሲመለሱ እመቤት ነቅታ ነበር። ተምራለች፤ መርፌውን ትፈልገው ነበር። «እማዬ፣ ተወጋች?» አለች።

«ተወግታለች፣ ተኚ።»

ስለ በሽታው እማማ አንጓች ያኔ የማያውቁትን ኋላ አወቁት። ልጅ ሳሉ ድዳቸውን ሊነቀሱ እሳቸውን ጨምሮ ስድስት ልጃገረዶች አንዲት ነቃሽ ፊት ተሰልፈው ነበር። መርፌው አንድ፣ ጥቀርሻው አንድ። ነቃሿ ከልጅ ወደ ልጅ ስታልፍ መርፌውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ታደርጋለች። ስድስቱም ድዳቸው ጠቁሮ፣ አብጦ፣ እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ሄዱ። ያልጋነሽ በሠላሳ አራት ዓመቷ ዐይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ሞተች። ደብሬ በአርባ አንድ ዓመቷ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ሙጪትና ጥሩነሽ አንድ ክረምት ተከታትለው ሄዱ። አምስተኛዋ ሌላ አገር አግብታ ወሬዋ ጠፋ። ሰው ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ለወፍ በሽታ ቀጭን ውኃ የሚያውቀው መድኃኒት ቅጠል ቀጥቅጦ ክንድ ላይ ማሰር ነበር፤ ክንዱ ቆስሎ ውኃ ሲቋጥር በሽታው ወጣ ይባላል። አራቱም ክንዳቸው ላይ ክብ ጠባሳ ይዘው ተቀበሩ።

እማማ አንጓችን በሽታው አልነካቸውም። ማለትም ደማቸው ውስጥ ተቀምጦ ዝም አላቸው።

በ2070 የእመቤት ዐይን ቢጫ ሆነ። ሩቅ ከተማ ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዷት። የእናትና የልጅ ደም ታየ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ቃሏን አላለሳለሰችም። «ሲወልዷት ከእርስዎ ወደ እሷ አልፏል፤ አሁን ዘግይተናል። እሷስ ልጅ አላት?»

«አንዲት አለቻት» አሉ እማማ አንጓች። ሃያ ዓመት የሞላት ሔርሜላ ኮሪደር ላይ ብርቱካን እየላጠች ነበር። እመቤት አልጋው ላይ ሆና እናቷን ታያለች። «እሷ በተወለደች ቀን ተወግታለች» አሉ፤ እመቤት ዐይኗን ጨፈነች፣ ፊቷ ላይ ዕረፍት ታየ። ያን ዕረፍት ከልጃቸው ፊት መንጠቅ አቃታቸው። በአራተኛው ወር ቤቷ ውስጥ ሞተች። የዚያ ሆስፒታል መዝገብና የሸንኮሬ መዝገብ አይነጋገሩም፤ በሸንኮሬው ላይ የእመቤት የሞት ምክንያት «ሌላ» ይላል።

ዋል አደር ሲል እነግራታለሁ አሉ። ሔርሜላ ግን ጤነኛ ነበረች፤ ትሮጣለች፣ ትስቃለች፣ መስታወቱ ያመሰግናታል። ጤነኛ ሰው ፊት ቆሞ «ታመሽ ይሆናል፣ ያስያዝኩሽም እኔ ነኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ዐሥር ዓመት አለፈ።

ሔርሜላ በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። የወሊድ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው በቀስታ ያዜማል። እናትየው ደክሟት እንቅልፍ ወሰዳት። አዋላጅ ነርሷ ኬብሮን፣ ፀጉሯን ወደ ላይ የቋጠረች ጨዋ ልጅ፣ ሕፃኗን እየመዘነች ሳለ እማማ አንጓች ክርናቸውን ይዘው ከፊቷ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ ለዚች ሕፃን የጉበቱን መርፌ ውጊያት።»

«እሱ አያስፈልጋትም እማማ። እናቷ ተከትባለች።»

«አልተከተበችም።»

ኬብሮን ሰሌዳዋን አየች። «መዝገቡ ተከትባለች ይላል። ሰኔ ዐሥራ አራት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።»

«በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት ሕፃኗን ያስተኛኋት እኔ ነኝ። መዝገቡ የት ነበር?»

ኬብሮን ለትንሽ ልጅ እንደሚሣቅ ዓይነት ፈገግ አለች። «ዕድሜ ነው፤ አንዳንዴ ይረሳል።»

«ጥርሴን ያስቀመጥኩበትን ረስቼ ይሆናል። ይህን ግን ብረሳው በወደድኩ! ለመሆኑ አንቺ ቢጫ ዐይን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ትምህርት ቤት፣ በሥዕል።»

«በሥዕል! ሥዕሉ ያቃስታል? ሥዕሉ በጎኑ መገላበጥ አቅቶት ‹እማዬ ደግፊኝ› ይላል?»

ኬብሮን ክፉ ልጅ አልነበረችም። የሰማችውን ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ አስገባች። መልሱ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ እንኳ አልዘገየም። «ምንጭ፤ ቅድመ መዝገብ። ያልተረጋገጠ።»

«እንግዲያው ሔርሜላን መርምሯት» አሉ እማማ።

«መመርመሪያው የለንም። ነጻ ለተባለ ከተማ አይላክም። መድኃኒቱም ለአራስ ሕፃን የሚሆነው እዚህ የለም፤ መዝገቡ ካዘዘ ብቻ ነው ከመጋዘን የሚበርልን።»

«የማትፈልጉትን ነገር ዜሮ ነው ትላላችሁ። እኔም ዐይኔን ብጨፍን በዚህ ቤት ሰው የለም።»

ኢዮስያስ ከበሩ ጎን ቆሞ ነበር። ጠጋ ብሎ በለሆሳስ «እማማ፣ ይተዉት። ደስታዋን አያበላሹባት» አላቸው።

«አንተ ዝም በል፤ የልጅህን ጉዳይ ነው የምናገረው።» ወደ ኬብሮን ዞሩ። «መዝገብ ሲሳሳት ማነው የሚያርመው?»

«የጻፈው ሰው፣ ወይም የከተማው የመዝገብ ኃላፊ።»

«ኃላፊው ማን ነው?»

«ሲስተር ዘርትሁን ናት።»

እማማ አንጓች ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም፤ ኬብሮን ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አንድ ሰው ናት በዪኛ» አሉና ከዘራቸውን አነሡ። «ሃያ አራት ሰዓት ነው ያላት። አንዱ አልፏል።»

የመዝገብ ቢሮው ከወሊድ ቤቱ ማዶ፣ ከድሮው ሆስፒታል ቅጥር ውስጥ ነው። እማማ አንጓች በአጠገቡ ሲያልፉ የጉበት ሕሙማን ክፍል የነበረውን አዩ። ሃያ አራት አልጋ ነበረው፤ ባሎች፣ እናቶች፣ ጎረምሶች ሆዳቸው እንደ እርጉዝ ሆኖ ጣሪያ ሲያዩ የሚውሉበት። አሁን የሠርግ ወንበር ማከራያ ነው። ወንበሮቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ይህን ያደረገው የሕፃናት መርፌ ነው፤ እማማ አንጓች ይህን አይክዱም። በሸንኮሬ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው የተነፋ ሆድ አያውቅም፤ ቅጠል የሚያስሩት አዋቂዎችም ሥራ ፈትተው አልቀዋል። ሳያስወጉት የኖሩት አንድ ቤት ቢኖር የራሳቸውን ቤት ነው። 

የቢሮው በር ለቅድመ መዝገብ አይከፈትም። አንድ ሰው ሲገባ ጠብቀው ተከትለውት ገቡ።

ዘርትሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። ከጀርባዋ በመስተዋት የተከደነ ትንሽ አረንጓዴ ባንዲራ ተሰቅሏል። ስታያቸው ከወንበሯ ተነሣች።

«እትዬ አንጓች! በሕይወት አሉ እንዴ?»

«መስታወታችሁን ጠይቂው። ሔርሜላ ወለደች። ሴት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«ማርያምስ ምራታለች። የቀረው አንቺ እጅ ያለው ነው።»

ዘርትሁን ሄዳ በሩን ዘጋች። ተመልሳ ሳትቀመጥ ቆየች።

«የጎመኑን መደብ ታስታውሺዋለሽ?» አሉ እማማ።

«ሳላስታውሰው ያደርኩበት ቀን የለም።»

እማማ አንጓች ይህን አልጠበቁም። ትክዳለች ብለው የሚሰድቧትን ሁሉ መንገድ ላይ አሰናድተው ነበር የመጡት።  ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሕፃኗ ትወጋ» አሉ።

ዘርትሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማቀዝቀዣ ፍተሻ ብዬ አንድ ፍሬ መድኃኒት አስመጣለሁ። የመጋዘኑ በራሪ ማሽን በሦስት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። እኔው ራሴ እወጋታለሁ። መዝገቡ አይነካም፤ ሔርሜላም አትሰማም። እርስዎም በክብርዎ ይኖራሉ።»

እውነት ለመናገር ነገሩ ጣፈጣቸው። ሕፃኗ ትድናለች። ሔርሜላም ማታ ማታ እግራቸውን እያሸች «አያቴ፣ ምን ልሥራልሽ» ማለቷን አትተውም። ከዚህ ወዲያ ስንት ዓመት ይኖራሉ? ሁለት? ሦስት? ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር።

«ሔርሜላስ?» አሉ። «የሷስ ጉበት?»

«እሷ እኮ ምልክት የላትም።»

«እናቷም አልነበራትም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ምልክት አልነበራትም። ከዚያ አራት ወር ነበራት።»

ዘርትሁን መነጽሯን አወለቀች። «ዛሬ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ከተገኘ ጉበቱ ሳይጎዳ ማቆየት ይቻላል። አውቃለሁ። ግን የሔርሜላን ከነካሁ ሌሎቹም ይነካሉ።»

«የትኞቹ ሌሎች?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ባንዲራ አየች። «ያን ዓመት ዐሥራ አንድ ናቸው። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነበሩ፤ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀለለኝ። የሚከለክለኝ ቤት ሲያጋጥመኝ መከራከሬን ተውኩ። እጽፋለሁ፣ እሄዳለሁ። ሌሎቹን በሙሉ ወግቻለሁ፣ እትዬ። በጭቃ፣ በዝናብ፣ ወንዝ ተሻግሬ። ሁለት መቶ ምናምን ሕፃን።»

«መውጋትሽንማ አየነው። ማዶ ያለውን ወንበር ያስደረደረው እሱ ነው።» እማማ አንጓች ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «መንገዱን ያሳየሁሽ ግን እኔ ነኝ።»

«እንዲህ አይበሉ።»

«እላለሁ። ዐሥራ አንዱ ዛሬ የሠላሳ ዓመት ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ይወልዳሉ። ካቻምና መርፌው ከቀረ ወዲህ የወለደች አለች?»

«ሦስት» አለች ዘርትሁን። አላሰበችም፤ ቁጥሩ ምላሷ ላይ ነበር። «ስማቸው ሲመጣ አያለሁ። ጤናቸውን እያየሁ እቀመጣለሁ።»

«እያየሽ!»

«ቢታረም ከተማው ነጻነቱን ይነጠቃል። እኔን ያባርሩኛል፤ ምናልባትም ያስሩኛል። እርስዎም ይጠየቃሉ።»

«እኔ? የት አግኝተው? ከመዝገባችሁ የለሁም'ኮ!» ተነሡ። «መጀመሪያ መድኃኒቱን አስመጪ። የቀረውን እየሄድን እንነጋገራለን።»

እየሄዱ ግን አልተነጋገሩም።

በራሪው ስምንት ሰዓት አልፎ ወሊድ ቤቱ ጣሪያ ላይ አረፈ። ዘርትሁን እጇን ታጠበች። ብልቃጧን በመዳፎቿ መካከል አንከባለለች፣ ቀዳች፣ የሕፃኗን ጭን ያዘች።  ሕፃኗ አንድ ጊዜ ጮኸች። በተወለደች በአምስተኛው ሰዓት ነበር።

በጩኸቱ ሔርሜላ ነቃች። «ምንድን ነው የወጋችኋት?»

ዘርትሁን እማማ አንጓችን አየቻቸው። «የ… የተለመደ…»

«አቁሚ» አሉ እማማ። አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጡ አስበው ተዉትና ቆመው ቀሩ። «ሔርሜላ፣ አንቺ አልተከተብሽም። የከለከልኩ እኔ ነኝ። ተወጋች ብለሽ ጻፊ ያልኩም እኔ፤ የጻፈችውም ይቺ ናት። እናትሽ የሞተችው በዚሁ በሽታ ነው። ከኔ ነው ያገኘችው። ከሷ ወደ አንቺ ሳያልፍ አይቀርም። ልጅሽ አሁን ተወግታለች፤ አምላክ ካለ ትተርፋለች። አንቺ ግን መመርመር አለብሽ።»

ኬብሮን ሰሌዳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።  ሔርሜላ ሕፃኗን ተቀብላ ጡቷን አስያዘቻት።

«እናቴ ታውቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አታውቅም። ‹ተወግታለች› ብያት አምናኝ ሞተች።»

«ሐኪሟ አልጠየቀችም?»

«ጠየቀችኝ። ለሷም ያንኑ አልኳት።»

ሔርሜላ ክንዷን ለኬብሮን ዘረጋች። «ደሜን ቅጂና መመርመሪያው ወዳለበት ላኪው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እማማ አንጓች፣ እባክዎ ይውጡልኝ።»

በሕይወቷ አንቱ ብላቸው አታውቅም። እማማ አንጓች ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ አላለቀሱም፣ ይቅርታም አልለመኑም። ደሙ ብልቃጡ ውስጥ ሲገባ እስኪያዩ ድረስ ጠበቁና ወጡ።

ዘርትሁን ተከትላቸው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የተሰነጠቀ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሁለቱም ተቀመጡበት። ፀሐዩ በረጅሙ መስኮት ገብቶ ጉልበታቸው ላይ አርፏል።

«አሁን የሔርሜላን መዝገብ አርማለሁ» አለች ዘርትሁን። «ከእንግዲህ የሚደበቅ የለም። ሌሎቹን ግን… እስቲ ጥቂት ቀን ይስጡኝ። ከአለቆቼ ጋር ልምከር። እንዴት እንደሚነገራቸው ላስብበት።»

«እኔ ዐሥር ዓመት አስቤበታለሁ። ማሰብ ምን እንደሚሠራ እኔ ልንገርሽ፤ ምንም አይሠራም።»

«እትዬ…»

«እትዬ አትበዪኝ። ሰሌዳሽን ጭንሽ ላይ አድርጊው። የሔርሜላን አርሚ፣ ቀጥለሽ የዐሥሩን። መርፌ ያልተወጋ ሁሉ አልተወጋም ተብሎ ይጻፍ። ሦስቱ የወለዱት ይቅደሙ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና እንዳትሸውጂኝ፣ የእያንዳንዱን ስም ስትጽፊ ጮክ ብለሽ ጥሪልኝ፤ ተደብቄ ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ፣ እናቶቻቸውን አውቃለሁ፣ አንዷን ብታስቀሪ አውቅብሻለሁ። ቀና በዪ፣ ጎንበስ ብለሽ አይሰማኝም። ጀምሪ።»